የሚስተር ሞሪ ሳሙና

«ትዝታ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ነው፤ አንተ ገና ሞርጌጅ እንኳ አልጀመርክም» ይሉኛል ጋሽ ደምሴ፣ ያለፈ ነገር ባነሳሁ ቁጥር። እውነታቸውን ነው፤ ጢሜ ውስጥ ያለው ሽበት ገና በጣት የሚለቀም ነው። ግን አትላንታ ሰውን ቶሎ ታስረጃለች። አንድ ሕንፃ ሲሠራ፣ ሲፈርስና ሌላ ሲተካበት ያየ ሰው እዚህ ከተማ ውስጥ ሽማግሌ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጎመን ልገዛ ከእስያ ሰዎች ትልቁ ገበያ ገብቼ፣ ከሩዝ ከረጢቶቹ ኋላ ባለው መተላለፊያ ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። አዲስ የተላገ እንጨትና የብርቱካን ልጣጭ አንድ ላይ የተወቀጡ የሚመስል ሽታ ነው። ቀና ስል መደርደሪያው ላይ ሳሙና ነበር፤ በስስ ነጭ ወረቀት የተጠቀለለ። ጋሪዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከኋላዬ የነበረች ሴትዮ «ኤክስኪውዝ ሚ» እያለች መንገድ ስትለምነኝ እኔ እዚያ አልነበርኩም። ከከተማው ሰሜን፣ ደንዉዲ ነበርኩ፤ ከአንድ የጡብ አፓርትመንት ደጃፍ፣ ሚስተር ሞሪን ልጭን ቫኔን እያቆምኩ።

ያን ጊዜ በሃያ ዶላር ቤንዚን ግማሽ ታንክ ይሞላ ነበር። አንድ እሽግ እንጀራ በአምስት ዶላር ተገዝቶ መልስ ይመጣ ነበር። ሾፌር ሁሉ ጥቁር ሱሪና ከቅናሽ ሱቅ የተገዛ ነጭ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ስልኩን ከመስታወቱ ላይ በሚጣበቅ ጎማ ሰቅሎ፣ ጎማው በሐምሌ ሙቀት ሲለቅበት «ኧረ ያዘው!» እያለ በአንድ እጁ ይነዳል። እኔ ዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም። ያነበብኩትን በቃሌ ይዤ፣ የተሰማኝን በደረሰኝ ጀርባ እየጫርኩ፣ ቀይ መብራት በቶሎ እንዳይለቅ የምጸልይ ብቸኛ ሾፌር ነበርኩ። ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው። ጠዋት ከቤታቸው ፒክ አደርጋቸዋለሁ፣ ሆስፒታል አወርዳቸዋለሁ፣ ሕክምናቸውን ሲጨርሱ እመልሳቸዋለሁ። ሲሄዱ የሚያወሩ፣ ሲመለሱ መስኮቱን ብቻ የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው በስም የማስታውሰው ጥቂቱን ነው። እኚህን ግን ፊደል እንደቆጠርኩበት ገበታ አስታውሳቸዋለሁ።

ሚስተር ሞሪ ጃፓናዊ ናቸው። ፒችትሪ ኮርነርስ ውስጥ የማሽን መለዋወጫ በሚሸጥ የአገራቸው ሰዎች ቢሮ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ሚስታቸውን እዚሁ የቀበሩ ሰው ናቸው። ቢሮው ተዘጋ፤ ኢንሹራንሱም አብሮ ተዘጋ። ካንሰሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «በሩ እስኪዘጋ ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን፣ ስለ ጎረቤት ድመት የሚያወሩ ይመስል። በኋላ በራሳቸው የገዙት ኢንሹራንስ ነበር፤ ግን የመድኃኒቱን ዋጋ ተካፋይ እንጂ ከፋይ አልነበረም፣ ለእሳቸው የሚተርፈው ድርሻም የቤት ኪራይ ያህል ነበር። ቫኑ ከመድረሱ በፊት ሁልጊዜ ወርደው፣ ግራጫ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በነሐሴም የሱፍ ሰደርያ ደርበው ይቆማሉ። ጫማቸው መልክ ያሳያል። ከመግባታቸው በፊት ሶሉን በሣሩ ላይ ጠረግ ያደርጋሉ፤ ቫኑ ውስጥ የፈሰሰ የብርቱካን ጭማቂ ከዓመት በፊት ጀምሮ እንዳለ እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያዩታል፣ ግን ይጠርጋሉ። እኔን «ሾፌር ሳን» ይሉኛል። «ሳን» በአገራቸው «አቶ» እንደ ማለት ነው። አትላንታ ውስጥ አቶ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

አንድ ጠዋት ስልኬን ከቫኑ ጋር በገመድ አገናኝቼ፣ አንድ የቆየ የማሲንቆ ዘፈን ዝቅ አድርጌ ከፍቼ ነበር። ሚስተር ሞሪ ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ መታ ማድረግ ጀመሩ። ከዚያ አቆሙ። «ይህ የእናንተ ነው?» አሉኝ። የእኛ ነው አልኳቸው። «እናቴ ዓሣ ስታደርቅ የምታንጎራጉረው መስሎኝ ነበር» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ። ቀስ ብለው፣ በአፍንጫቸው፣ አንድ ዜማ አሰሙኝ። ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማው ግን አያቴ ሰፈር ለሠርግ ማግስት የሚዘፈን ሊሆን ይችል ነበር። በመላው ምድር ተዘዋውሮ ሁለት ቦታ ብቻ ያረፈ ወፍ መሰለኝ። ሀይዌዩ ላይ መውጫዬን አለፍኩ። በሕይወቴ ስገረም መንገድ ስቼ የማውቀው ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ወሬ ጀመርን። እኔም እንደ ልጅነቴ ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «ታዲያ ለምን አገርዎ አይገቡም? እዚያ ሕክምና ቀላል ነው ሲሉ እሰማለሁ።»

«ጣሪያ አለ» አሉ። «በወር ከዚህ በላይ አትከፍልም የሚባል ጣሪያ። ጥሩ ጣሪያ ነው፤ አልዋሽም። ግን ጣሪያ ዝናብ ይከለክላል እንጂ ራት አይሆንም።» ታናሽ ወንድማቸው እዚያ በዚሁ በሽታ ተይዟል። አውቶቡስ ነጂ ነበር። መድኃኒቱ እጁን ሲያደነዝዘው መሪውን ለቀቀ፤ ደመወዙ ቀረ፣ ክፍያው ግን በየወሩ ጣሪያው ድረስ እየመጣ ቆየ። አሁን ከልጁ ጋር ይኖራል፤ ልጁም ሠርጉን ላልታወቀ ጊዜ አራዝሟል። «ወንድሜ ና ይለኛል። ብሄድ ለአንድ ልጅ ሁለት በሽተኛ ነው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ግን ገረመኝ። ኤርፖርት የምናየውን መኪና ግማሹን የሠራ አገር ነው፤ እዚያ ሰው የሚታመመው በበሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ሐሙስ ነው። ሲወርዱ የክኒን ማስቀመጫቸውን ወንበሩ ላይ ረሱት። ለሳምንቱ ቀናት ሰባት ትናንሽ በር ያለው ላስቲክ ዕቃ ነው፤ በሮቹ ግልጽ ስለሆኑ ውስጡ ይታያል። ልሰጣቸው ሳነሣው ዓይኔ አረፈበት። ሰኞ ባዶ ነው፤ ማክሰኞ ሙሉ፤ ረቡዕ ባዶ። ሐሙስ ሙሉ ነው፤ ቀኑ ግን ተሲያት አልፏል፣ መዋጥ የነበረባቸው ደግሞ ጠዋት ነው። ሮጬ ሰጠኋቸው። ዓይኔን አዩና ያየሁትን አወቁ።

«መድኃኒቱ ሲያርፍ ይረዝማል» አሉኝ፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ።

ሚስተር ሞሪ ከሁለት ክኒን አንዱን እየዘለሉ፣ የአንድ ወሩን መድኃኒት ሁለት ወር ሊያደርሱት ነበር።

ከደጃፋቸው ቀጥታ የሄድኩት ኢስት ፖይንት ነው፤ የኤርፖርት ሾፌሮች ተራቸውን ከሚጠብቁበት ነዳጅ ማደያ። ጋሽ ደምሴ እዚያ ናቸው። በሱዳን በኩል የመጡ፣ ሊሞዚን እየነዱ የጡብ ቤት የገዙ፣ የሾፌሮቹ እድር ሊቀመንበር። ካዝናው ላይ የምትሠራው ሐሊማ ናት፤ እንደ እኔ ሎተሪ የደረሳት፣ ምላሷ ከምላጭ የሳለ፣ ከእድሩም ሴት አባላት የመጀመሪያዋ። ያየሁትን ነገርኳቸው።

«አንድ ቀን ውጠው አንድ ቀን ይዘላሉ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ የያዙት ዶናት አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቆመ። «እንዴ! እኔም የግፊቴን እንደዚያ ነው የምውጠው።»

«ዶናቱን ቢዘሉ ነበር የሚሻልዎት» አለች ሐሊማ።

«አንቺ ልጅ፣ ሂሳብሽን ምቺ። ስማ ገጣሚ፣ ሰውየው ዘመድ የላቸውም?»

«ሚስታቸው ሞታለች። ወንድማቸውም ታሟል።»

«ጓደኛስ? ቸርች ምናምን?»

«ፎቶ፣ አንድ ብርቱካን፣ አንድ ወንበር» አልኩ። ቤታቸውን በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁና።

«ግጥምህን ተወውና በቀጥታ የለም በል!» አሉና የሾፌር ኮፍያቸውን አወለቁ። ውስጡን ወደ ላይ ገልብጠው መጀመሪያ እሳቸው፣ እጃቸውን ጨብጠው አስገቡ። ኮፍያው ማደያውን ዞረ። ሐሊማ «ሲሪየስሊ፣ ካሽ የለኝም፤ ቆይ» ብላ ቦርሳዋን ስትበረብር ቆየች። ሁሉም በጭብጥ ነው የሚጥለው፤ ማን ምን እንደጣለ አይታይም። ለሚቀጥለው ወር መድኃኒት የሚበቃ ገንዘብ ሞላ፤ እንዴት እንደሞላ እኔም አላውቅም። ለኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ «ከትራሳቸው ሥር። ቃል እንዳትተነፍስ።»

ይህን አገራችን ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። በሽተኛ ልትጠይቅ ትገባለህ፣ «እግዜር ይማርህ» ትላለህ፣ ትቀመጣለህ፣ ስለ ዝናብ ታወራለህ፣ ስትነሣ እጅህ ብቻዋን ሄዳ ትራሱ ሥር የሆነ ነገር ትታ ትመለሳለች። በሽተኛው አላየም፤ አንተም አልሰጠህም። እኔም ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ከበሩ ላይ ጫማ ማውለቅ ነበረና አወለቅኩ፤ አውራ ጣቴ ከካልሲዬ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ሚስተር ሞሪን ሰላም አላቸው። እሳቸው አላዩም አሉ፤ ማለት ሌላ አቅጣጫ አዩ። ሻይ ሊያፈሉ ሲነሡ ገንዘቡን ከሶፋው ትራስ ሥር አስገባሁ። ወደ ቤቴ ስነዳ ግጥም በራሱ ይመጣልኝ ነበር። እንዲህ ዓይነት ስሜት ሲሰማህ ነው የሆነ ነገር ያበላሸኸው።

ገና ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ። «ሾፌር ሳን፣ ገንዘብ ቤቴ ጥለሃል። እየመጣሁልህ ነው፣ አውቶቡስ ልይዝ ነው።» ካንሰር ያለበት ሰው በዚያ ሙቀት የኔን ገንዘብ ሊመልስልኝ አውቶቡስ ሊይዝ! ተመልሼ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን አድርገው ቆመዋል። ያልጣልኩት መሆኑን፣ ያዋጡት ሾፌሮች መሆናቸውን፣ ትራስ ሥር ማኖር ልማድ መሆኑን አስረዳሁ። ጎንበስ አሉ። ከዚያ «ስማቸውን ስጠኝ» አሉ።

በእሳቸው አገር ለታመመ ሰው ገንዘብ መስጠት አለ። በፖስታ ይሆናል፣ ፖስታው ላይ የሰጪው ስም ይጻፋል። በሽተኛው ሲድን ለእያንዳንዱ ሰጪ የግማሹን ያህል ስጦታ ይመልሳል። ግማሹን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም፤ ሁሉን መመለስ ስድብ ነው። ሳይመልሱ መቅረት ደግሞ ሰው አለመሆን ነው። «የማን ባለውለታ እንደሆንኩ ሳላውቅ ይህን ብነካው ሌባ ነኝ» አሉኝ። ገንዘቡንም ከሚስታቸው ፎቶ ሥር፣ ካመጣሁት ብርቱካን ጎን አኖሩት። እዚያው ቀረ።

ማደያው ሄጄ ስም ስጡኝ ስል ተጮኸብኝ።

«ስም? ምጽዋት ስም ወጣላት እንዴ?» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ቀኝህ የሚሰጠውን ግራህ አትወቅ ነው የተባለው። እኔ ስሜን አልሰጥም። እኔ እንዲያውም አልሰጠሁም!»

«እኔም አልሰጠሁም» አለች ሐሊማ። «በእኛም ሃይማኖት የተደበቀው ነው የሚበልጠው። ኖ ዌይ።»

ሌሎቹም ከየመኪናቸው «እኔም አልሰጠሁም» እያሉ ማሉ። አንዳቸውም ያልሰጡት ገንዘብ ደንዉዲ ፎቶ ሥር ተቀምጧል፤ ሚስተር ሞሪ ደግሞ ክኒን እየዘለሉ ነው። እንደ ፖስተኛ ተመላለስኩ። ለእሳቸው «እምቢ አሉ» እላለሁ፤ ለእነዚህ «እምቢ አሉ» እላለሁ። ሁለቱም ወገን በክብሩ ቆሟል፣ መሐል ያለው መድኃኒት ብቻ ነው። ሐኪሙ በሚቀጥለው ምርመራ ዕጢው እንደገና ካደገ ሌላ የሚሞከር መድኃኒት እንደሌለ ነግሯቸዋል። ይህንንም የነገሩኝ ስለ አየር ጠባይ በሚያወሩበት ድምፅ ነው። በመጨረሻ ለጋሽ ደምሴ ይህን ስነግራቸው ዶናታቸውን አስቀመጡ። «በል ነገ ውሰደኝ» አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ደምሴ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ሽቶ ተቀብተው መጡ። ሚስተር ሞሪም ክራባት አስረው ጠበቁን። በሩ ላይ ጋሽ ደምሴ እንደ አገራቸው ወግ እጅ ነሡ። ሚስተር ሞሪም እንደ አገራቸው ወግ ጎንበስ አሉ። ጋሽ ደምሴ ቀና ሊሉ ሲሉ ሰውየው ገና ዝቅ እንዳሉ አዩና ተመልሰው ዝቅ አሉ። ሚስተር ሞሪ ይህን አይተው ይበልጥ ዝቅ አሉ። እኔ ሁለት አናት እያየሁ ቆምኩ፤ አንዱ ራሰ በራ፣ አንዱ መድኃኒት ያራገፈው። ሊያስተካክላቸው የሚችል ዳኛ አልነበረም። «አንተ፣ ወገቤን!» አሉ ጋሽ ደምሴ ከታች፤ እኔም ሁለቱንም ትከሻቸውን ይዤ ቀና አደረግኳቸው።

ከተቀመጥን በኋላ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እንግሊዝኛዬ ለመንገድ እንጂ ለቁም ነገር አይበቃም ባይ ናቸውና በእኔ በኩል ነው የሚናገሩት። «ንገራቸው። ገንዘቡ ስጦታ አይደለም በላቸው። የእድር ነው።»

እድር ምን እንደሆነ አስረዳሁ። ጎረቤት በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ አንዱ ሲታመም ወይ ሲያዝን ከዚያ ይወጣል። የተረዳ አያመሰግንም፤ የረዳ አይታወቅም። ብቻ ነገ የሌላው ተራ ሲሆን መገኘት ግዴታ ነው።

«እኔ ግን አባል አይደለሁም» አሉ ሚስተር ሞሪ።

«ይሁኑ በላቸው።»

ሚስተር ሞሪ አሰቡ። «የታመመ ሰው ይገባል? ያ ማታለል ነው።»

ይህን ስተረጉም ጋሽ ደምሴ ከት ብለው ሳቁ። «እኛ ስንገባ ጤነኛ የነበርን መሰላቸው? እኔ የገባሁ ዕለት የሱዳን ወባ ገና ያንቀጠቅጠኝ ነበር። አገር ያለው፣ ዘመድ ያለው፣ ጤና ያለው ሰው እድር ምን ያደርግለታል? ንገራቸው።»

«ግዴታው ምንድን ነው?»

«መዋጮ መክፈል። በሽተኛ መጠየቅ። ለቅሶ መድረስ። የቀረ ይቀጣል።»

«ይቀጣል» የሚለውን ስተረጉም የሚስተር ሞሪ ፊት በራ። መቀጫ እንዳለው ሲሰሙ ነው ነገሩ ምጽዋት አለመሆኑን ያመኑት። ተነሡ፤ ከኪሳቸው የመጀመሪያ መዋጯቸውን አውጥተው በሁለት እጃቸው ለጋሽ ደምሴ አቀረቡ፤ ጋሽ ደምሴም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ፎቶው ሄደው ገንዘቡን ወሰዱ፣ ለሚስታቸው አንድ ነገር በቋንቋቸው አሉ። ተመልሰው የውሃ ብርጭቆ ይዘው የዕለቱን ትንሽ በር ከፈቱና ፊታችን ዋጡት። ጋሽ ደምሴ እንደ ሠርግ ቤት አጨበጨቡ።

አባልነቱ የይምሰል ይሆናል ብዬ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የአንዱ ሾፌር እናት አገር ቤት ሞቱ፤ ለቅሶ ተቀመጠና በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ወንበር ተደረደረ። ረፋድ ላይ ታክሲ ቆመ። ሚስተር ሞሪ በጥቁር ሙሉ ልብስና በጥቁር ክራባት ወረዱ። ሕክምናው አክስቷቸው ልብሱ ከሰውየው ቀድሞ የሚሄድ ይመስል ነበር። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ያንን ፀጉር የሌለው አናታቸውን ለሾፌሩ ዝቅ አደረጉና ከጥግ ወንበር ተቀመጡ። ሰው መጣ፣ ሰው ሄደ፣ እሳቸው እንደተቀመጡ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ «እኚህ ማናቸው?» ብለው ጠየቁ። «አባል ናቸው» አልናቸው። ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም፤ ውሃ አቀረቡላቸው። ማታ ሾፌሩ ሲሸኛቸው እንደ ልጅ አለቀሰ፤ «እናቴ እንዲህ ያለ ሰው ቀብሯት አታውቅም» ይላል፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ለራሱም ሳይገባው። ከዚያ ወዲህ ታሞ የተኛ ሁሉ በሩ ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ያውቃል። ሐሊማ ጉንፋን ይዟት በተኛች ጊዜ ሄደው ነበር። «ካንሰር ያለበት ሰውዬ ጉንፋኔን ሊጠይቅ ሲመጣ ጉንፋኔ አፍሮ ሄደ» አለችን።

መድኃኒቱ ሠራ። እንዴት እንደሠራ ሐኪሞቹ ያውቃሉ፤ እኔ የማውቀው ከአንድ ምርመራ ሲወጡ ቫኑ ፊት ቆመው ጫማቸውን መጥረግ መርሳታቸውን ነው። ዘለው ገቡ። «ጠፍቷል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያው የሰሙት ነገር የሚያሳፍር ይመስል «ለጊዜው» ጨመሩ።

ብዙም ሳይቆይ ማደያው አጠገብ አንድ ካርቶን ይዘው መጡ። ውስጡ ለእያንዳንዱ የእድሩ አባል አንድ አንድ ነጭ እሽግ አለ፤ በቀይና በነጭ ክር የታሰረ፣ ክሩም መሐሉ ላይ ጠንከር ብሎ የተቋጠረ። «ማን እንደሰጠ ካልነገራችሁኝ ሁላችሁም ሰጥታችኋል» አሉ። በኮፍያው ጊዜ ከአገር ውጭ የነበሩትም ደረሳቸው፤ ጋሽ ደምሴም «አልሰጠሁም» እያሉ ተቀበሉ። ሳሙና ነው አሉን። ስለ ክሩም ነገሩን፦ የተሻለው በሽተኛ በሚሰጠው ስጦታ ላይ የሚታሰረው ቋጠሮ የማይፈታ ዓይነት ነው፤ በሽታው ተፈትቶ እንዳይመለስ። ይህን ለሁሉም ተረጎምኩ። እኔ በዚያ ማታ ሁለት ስንኝ ጻፍኩ፦

ትራስ ሥር ያኖሩት ስም የሌለው ያ እጅ፣
ሳሙና ሆኖ ወጣ ከበሽተኛው ደጅ።

ጋሽ ደምሴ አነበቡትና «ደህና ነው፤ ግን አያረፋም» አሉኝ።

እስቲ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ላውራ። ሚስተር ሞሪ ዛሬ አትላንታ የሉም። ጉልበታቸው ሲመለስ ወንድማቸውን ሊያስታምሙ አገራቸው ገቡ። «አሁን ለአንድ ልጅ አንድ በሽተኛና አንድ አስታማሚ ነው» ብለው ሄዱ፤ ልጁም አገባ፤ ፎቶው ሐሊማ ካዝና ጀርባ ተለጥፏል። መዋጯቸው ግን እስካሁን አልተቋረጠም። ቫኑ ተሸጠ፣ ማደያው ባለቤት ቀየረ፣ አፓርትመንቱ ፈርሶ ሌላ ቆመበት። እኔ ግን ሁሌም የማስታውሳቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ የጋሽ ደምሴ የልጅ ልጅ ክርስትና በተነሣበት ቀን ነው።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ሚስተር ሞሪ አዲስ በበቀለ ነጭ ፀጉራቸው፣ በሱፍ ሰደርያቸው ሳሎኑ መሐል ቆመው አንድ ነገር አተኩረው ያያሉ። የጋሽ ደምሴን ቡፌ ነው። ከመስታወቱ ኋላ፣ ከክሪስታል ብርጭቆዎቹና ማንም ጠጥቶባቸው ከማያውቅ የወርቅ ጠርዝ ሲኒዎች መሐል፣ ያ ነጭ እሽግ ከነክሩ በክብር ተቀምጧል። ከሥሩ ዳንቴል ተነጥፎለታል። ፊታቸው ወረደ።

«ሁሉም እንዲህ አስቀምጠውታል?» አሉኝ።

ሁላችንም አስቀምጠነዋል። እኛ የከበረ ስጦታ ሲሰጠን እናሳየዋለን እንጂ እንጠቀምበታለን እንዴ? ደግሞም ቋጠሮው አይፈታም ተብሏል፤ ማን ይነካዋል? የሐሊማ ከቁርአኗ በታች ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። የኔ ከመስኮቴ ላይ ነው።

ሚስተር ሞሪ ያስረዱኝ ጀመር፤ ድምፃቸው ሲለወጥ የሰማሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። የተሻለው ሰው ሳሙና የሚሰጠው የሚያልቅ ነገር ስለሆነ ነው። በሽታው በውሃ ይሄዳል፤ ሳሙናው በየእጁ ሲያልቅ እሱም ያልቃል። የሚቀር ዕቃ አይሰጥም። እነሆ በሽታቸው በአትላንታ ቡፌ ሁሉ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ዳንቴል ተነጥፎለት ተቀምጧል።

ለጋሽ ደምሴ ስተረጉምላቸው ደነገጡ። «በስመ አብ! ሰውየውን ስንገድላቸው ከርመናል!» ቡፌውን ከፈቱ። ሚስተር ሞሪ ክሩን ሳይፈቱ፣ እንደተቋጠረ በቀስታ አንሸራተው አወጡትና ወረቀቱን ገለጡ። ያ ሽታ ወጣ፤ የተላገው እንጨት፣ የብርቱካኑ ልጣጭ። የጋሽ ደምሴ ሚስት ለማዕዱ የእጅ ማስታጠቢያ ይዘው እየመጡ ነበር፤ ሚስተር ሞሪ ጆጉን በሁለት እጃቸው ተቀበሏቸው።

«ኧረ ተዉ በላቸው! እንግዳ አያስታጥብም!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

እኔ ሳልተረጉም ሚስተር ሞሪ መለሱ፤ በአማርኛ፣ የት እንደተለማመዱት አላውቅም፦ «እንግዳ አይደለሁም። አባል ነኝ።»

ጋሽ ደምሴ የእጅጌያቸውን ቁልፍ ፈቱና እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ወረደ፣ ሳሙናው አረፋ፣ አረፋው ሳፋው ውስጥ ወደቀ። ከኋላቸው ሐሊማ ቆመች። ከሐሊማ ኋላ እናቱ የሞቱበት ሾፌር፣ ከእሱ ኋላ ሌላው፤ ሰልፉ በኮሪደሩ አልፎ በረንዳ ደረሰ። በመሪ የሻከረ እጅ፣ ሂሳብ የሚመታ እጅ፣ አልሰጠሁም ብሎ የማለ እጅ ሁሉ ተራውን ጠበቀ። ሚስተር ሞሪ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያሉ፣ ከካንሰር በተረፈ ክንዳቸው አስታጠቡን። ሳሙናው ከእጅ እጅ ሲሄድ ሳሳ፤ እኔ ጋ ሲደርስ እንደ ቅጠል ሆኗል።

«ገጣሚ፣ ቶሎ በል» አሉ ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ፤ እጃቸውን ሳያደርቁ ተመልሰው ሰልፍ ይዘው ኖሯል። «እያለቀ ነው።»

«ምን አሉ?» አሉኝ ሚስተር ሞሪ።

«እያለቀ ነው» አልኳቸው።

ጆጉን ቀና አድርገው ውሃውን ጨመሩልኝ።